ዓይኑ ጤነኛ የሆነ፣ እይታው የጎደለ ልጅ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወላጆች፣ መምህራን፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የአብነት መምህራንና ካህናት፤ ዛሬ የምናገረው ያለጊዜያቸው ተወልደው፣ ከሞት ተርፈው፣ ትምህርት ቤት ስለገቡ ልጆች ነው። ከእነዚህ መካከል ዓይናቸው ተመርምሮ «ደህና ነው» የተባለላቸው፣ የሚያዩትን ለይቶ መረዳት ግን የሚቸግራቸው አሉ። ፊደሉን ያያሉ፤ ከጎኑ ካለው መለየት ግን ያቅታቸዋል። ቁልቁለቱን ያያሉ፤ ሲወርዱ ግን መሬቱን በእግራቸው እየዳሰሱ ነው። የችግሩ ሥር ያለው በተወለዱባቸው ሳምንታት ሲሆን የሚገለጠው ስድስትና ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁን የሚያውቁት ሰዎች ይለዋወጣሉ። አዋላጇ መምህሩን አታውቀውም፤ መምህሩም ልጁ እንዴት እንደተወለደ የነገረው የለም። ስለዚህ ልጁ ሰነፍ ይባላል፣ ደንባራ ይባላል፣ ይቆጡታል፣ ከዚያም ከትምህርቱ ይወጣል። እኔ የምሟገተው የአወላለዱ ታሪክ ልጁን እስከ ክፍሉ ድረስ ሊከተለው ይገባል ብዬ ነው።

ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል፤ ከአሥር አንዱ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ከመቶ ወደ 13 ይጠጋል። ሕክምናው ከዚህ ጋር የሚያያይዛቸው ነገሮች ለእናንተ እንግዳ አይደሉም፤ በልጅነት መውለድ፣ የእናት የምግብ እጥረትና የደም ማነስ፣ በቆላው ወባ፣ መንታ እርግዝና፣ በጊዜ ያልታከመ ኢንፌክሽን። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለብዙ ዓመታት በሴፍቲኔት የምግብ ድጋፍ የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸው ስለ እናቶች ገበታ የሚናገረው ብዙ ነው። ምጥ ያለቀኗ የያዛት ሴት ከበሽሎ ቆላ ተነሥታ ወገዳ፣ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ካለው ሆስፒታል ለመድረስ አቀበቱን መውጣት አለባት፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር የምትላክበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች ከግማሽ በታች፣ ከመቶ 48 ነበሩ። ቤት የተወለደ ሕፃን ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ሳምንቱም ክብደቱም ሳይጻፍ ያድጋል። በአካባቢያችን ጦርነት የነበረባቸው ዓመታት ደግሞ ይህን የሳሳ የሕክምና መስመር ይበልጥ አሳሱት።

ያለጊዜ መወለድ እይታን የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው፤ በዓይን ውስጥና በአንጎል ውስጥ። የመጀመሪያው ታሪክ ረጅም ነው፤ ለእኛም የሚያስተምረን ነገር ስላለው ጥቂት ልቆይበት። በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል። የደም ሥሮቹ ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው፤ ዳር ድረስ የሚዘልቁት መውለጃው ሲቃረብ ነው። በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ታዲያ ሬቲናው የደም ሥር ገና አልተዳረሰውም። ይህ ሕፃን ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ሲሰጠው የደም ሥሮቹ እድገታቸውን ያቆማሉ፤ በኋላ ደግሞ በተዛባ መንገድ ይበቅሉና ሬቲናውን ከቦታው ጎትተው እስከማላቀቅ ይደርሳሉ። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1942 በሽታውን ሲገልጽ መንስኤው አልታወቀም ነበር። በ1951 ኬት ካምቤል የተባለች የሜልበርን የሕፃናት ሐኪም ጣቷን ወደ ኦክስጅን ጠቆመች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሜሪካ በ18 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ትክክል መሆኗን አረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ ግን በዓለም ላይ 10,000 ያህል ሕፃናት ዓይናቸውን አጥተዋል፤ ያጡትም በአብዛኛው ሕክምናው በበለጸገባቸው ሀገሮች ነው። ቀጥሎ የመጣው እርምት ሌላ ጥፋት አስከተለ። ኦክስጅን በጭፍን ሲቀነስ ሕፃናት ሞቱ። እንግሊዛዊው ኬኔት ክሮስ በ1973 ባወጣው ስሌት ከዓይነ ስውርነት ለዳነ አንድ ልጅ 16 ሕፃናት ሞተዋል። ኦክስጅን መጠን ያለው መድኃኒት ነው፤ ያለ መለኪያ ሲሰጥም ያለ መለኪያ ሲነፈግም ይጎዳል። ዛሬ በጨቅላው እጅ ወይም እግር ላይ የምትታሰረው ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ይህን ሁሉ መከራ ያስከተለውን «ምን ያህል ኦክስጅን ይበቃል?» የሚለውን ጥያቄ ትመልሳለች፤ በኦክስጅን ሕክምና ላይ ያለ ሕፃን በደሙ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከ90 እስከ 95 ከመቶ ባለው ክልል ውስጥ እንዲቆይ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ዓይን በመሣሪያ ሲመረመር አይታይም፤ የዛሬው ንግግሬም በዋናነት ስለ እርሱ ነው። ከ24ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በአንጎል መካከል ፈሳሽ በያዙት ክፍተቶች ዙሪያ የነርቭ ክሮች እየተዘረጉ፣ ክሮቹን የሚሸፍነውን ልባስ የሚሠሩት ሕዋሳትም እየተፈጠሩ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ገና ለጋ ናቸው። የኦክስጅን እጥረት፣ የደም ፍሰት መውረድ ወይም ኢንፌክሽን ሲያጋጥማቸው ይሞታሉ፣ ባይሞቱም እድገታቸው ይገታል። ከዓይን የመጣውን መልእክት ወደ ኋለኛው አንጎል የሚያደርሱት ክሮች የሚያልፉት ደግሞ በዚያው ሰፈር ነው። ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ቦዩ መንገድ ላይ ከተናደ ማሳው ጠግቦ አይጠጣም፤ የእነዚህም ልጆች ነገር እንደዚያ ነው። መልእክቱ ኋለኛው አንጎል ከደረሰ በኋላም በሁለት መንገድ ይከፈላል። በታች በኩል የሚሄደው ያየነው ነገር ምን እንደሆነ፣ የማን ፊት እንደሆነ ይለያል። በላይ በኩል የሚሄደው ነገሩ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ እጅና እግራችን እንዴት እንደሚደርሱበት ያሰላል። ኦሊቨር ብራዲክና ጃኔት አትኪንሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ዓመታት በፈጀ ሥራ እንዳሳዩት ያለጊዜ መወለድ ይበልጥ የሚያጠቃው የላይኛውን መንገድ ነው። ልጆቹን ብዙ ነጠብጣቦች ወደተለያየ አቅጣጫ የሚርመሰመሱበት ምስል ፊት አስቀምጠው ከግርግሩ መካከል በአንድነት የሚጓዙትን እንዲለዩ ይጠይቋቸዋል፤ በጣም ቀድመው የተወለዱት በዚህ ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን በአንድነት ሲመዝኑም በጣም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ቅርጽና ቦታን በመረዳት፣ ያዩትን በእጃቸው በመቅዳት ከእኩዮቻቸው ጉልህ ልዩነት እንዳላቸው አገኙ።

ይህ በመሣሪያ የሚለካ ልዩነት በልጁ ኑሮ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ያስተማረን ግላስጎው የሠራው የዓይን ሐኪም ጎርደን ደተን ነው። ወላጆችን የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ልጁ ደረጃ ሲወርድ ይቸገራል ወይ? በዕቃ ከተሞላ ሣጥን ውስጥ የሚፈልገውን ያገኛል ወይ? በሰው መካከል እናቱን ይለያል ወይ? ጥያቄዎቹን ወደ እኛ ሕይወት ማምጣት አይከብድም። በክብረ በዓል ቀን ሁሉም ነጭ ነጠላ ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሰበሰብ ልጁ እናቱን በድምፅዋ ካልሆነ ለይቶ ያገኛታል ወይ? ምስር ከእንክርዳድ ልቀም ሲባል ያለ ቅጥ ይደክማል ወይ? ወንዝ ሲሻገር ድንጋዩን ስቶ ውኃ ውስጥ ይገባል ወይ? ቁልቁለት ላይ የሌላ ሰው ልብስ ይይዛል ወይ? በጎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡ የሚጠፉበት እርሱ ብቻ ነው ወይ? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። አራቱና አምስቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲገኙ፣ ልጁም ቀኑ ሳይደርስ ወይም በጣም አንሶ የተወለደ ከሆነ፣ ቁጣውን ትቶ መጠየቅ ይገባል።

የፊደላችንም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በገበታው ላይ 33 ረድፍ በሰባት ዓምድ ተደርድሮ 231 ፊደል ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ትንሽ ጭረት ከወገብ ላይ መውጣቷ ወይም ከግርጌ መሆኗ ነው። ቡ እና ቢ፣ ሱ እና ሲ በቦታ ካልሆነ በሌላ አይለዩም። የቦታ ስሌት ለሚያስቸግረው፣ ነገር ሲጠጋጋበት ለሚደበላለቅበት ልጅ የገበታው ፊት ከባድ እንደሚሆን መገመት ምክንያታዊ ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ ጥንታዊ ዘዴ ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ለእንዲህ ያለው ልጅ ከዘመናዊው ክፍል ይልቅ ይራራል። መምህሩ አንዲቷን ፊደል በእንጨት ይነካል፤ ልጁ ስሟን በድምፅ ይጠራል፤ ቀጥሎ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ይህ በዛሬ ሕክምና ለእነዚህ ልጆች ከሚመከረው ጋር ይገጥማል፤ አንድ ነገር ለብቻው አሳይ፣ በጆሮውም አግዘው። የጋይንቷን ቤተልሔም የመሰለ የድጓ ምስክር ቤት ያለበት ሀገር ይህን ለመረዳት ሩቅ አይደለም። ድጓ ከፊደሉ በላይ ደቃቅ ምልክት የተደረደረበት መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው ግን ዜማውን የሚይዘው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን ከመምህሩ አፍ እየሰማ ነው። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በአብነት ትምህርት ቤት ሊወጡ የቻሉትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚነሡት ተቃውሞዎች ልግባ። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው። በጋይንትና በስማዳ ልጅ በትምህርት የሚደክመው በረሃብ፣ በመቀንጨር፣ መጽሐፍ በማጣትና በእረኝነት ከክፍል በመቅረት ነው፤ ያለጊዜ መወለድን ምን ለየው? የሚል ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በምግብም በመጽሐፍም ባልተቸገሩ ሀገሮች ልጆቹ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ተነጻጽረዋል። ኤፒኪዩር በመባል የሚታወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያና በአየርላንድ ከ26 ሳምንት በፊት የተወለዱትን ልጆች እየተከተለ፣ 11 ዓመት ሲሞላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልዩ የትምህርት ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው አገኘ፤ ከንባብ ይልቅም ሒሳብ ከብዷቸው ነበር። ድህነት ብቻውን ቢሆን ጉዳቱ ሁሉንም ችሎታ ዝቅ ያደርግ ነበር። እዚህ ግን ቦታንና እንቅስቃሴን የሚመለከተው ክፍል ተለይቶ ይጎዳል፤ የቃል ችሎታቸው ሲደምቅ የምናያቸው ልጆች ያሉትም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ለተቃዋሚው እውነቱን ይሰጠዋል። በእኛ አካባቢ ያለጊዜው የሚወለደው ልጅ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከተራበች እናት ነው፤ ሁለቱን መንስኤዎች በአንድ ልጅ ላይ መለያየት አይቻልም። ለመምህሩ ግን መለያየቱ አያስፈልገውም። ጽሑፉን ማጉላትና በረድፍ ማራራቅ የተራበውንም ያለቀኑ የተወለደውንም አይጎዳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው። ሕፃናቱ ገና እየሞቱብን ስለ እይታ ግንዛቤ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ሥጋቱን እረዳዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ጨምሮ በአምስት የሀገራችን ሆስፒታሎች በተደረገው ትልቅ ጥናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት ያለጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት ከመቶ 29 ያህሉ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ዋናዎቹ መንስኤዎች ሳንባው ባለመብሰሉ የሚመጣ የመተንፈስ ችግር፣ ኢንፌክሽንና መታፈን ነበሩ። ነገር ግን ዝርዝሩን እንደገና አስተውሉት። የመተንፈስ ችግር ማለት የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ኢንፌክሽን ማለት ለጋውን የአንጎል ሕዋስ የሚጎዳው ያው ጠላት ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ነገር ሳይገድለው ሲቀር እይታውን ጎድቶት ያልፋል። ስለዚህ ሕይወትን የሚያድነው እንክብካቤና እይታን የሚጠብቀው እንክብካቤ የተለያየ በጀት የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎች አይደሉም። ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማሞቅ፣ የእናቱን ጡት ብቻ መስጠት፣ እጅ መታጠብ፣ ኦክስጅኑን በመለኪያ መከታተል ሁለቱንም ያገለግላሉ። ገላ ለገላ ማቀፍን እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ላይ ኤድጋር ሬይ የጀመረው ማሞቂያ ሣጥኑ ስላልበቃው ነው፤ በሀብታም ሆስፒታል የተፈለሰፈ ቅንጦት አልነበረም። በዚያ መንገድ ያደጉት ልጆች 20 ዓመት ሲሞላቸው ሲጠኑ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውና መቅበጥበጣቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ደግሞ የጨቅላ ሕክምናችን በተስፋፋ ቁጥር ከሞት የሚተርፉት ይበዛሉ፤ አሜሪካ በ1940ዎቹ ያየችው የዓይነ ስውርነት ማዕበል ወደ ድሃና መካከለኛ ገቢ ሀገሮች እየመጣ እንደሆነ ክሌር ጊልበርት የተባለችው እንግሊዛዊት የዓይን ሐኪም ካስጠነቀቀች ቆይቷል። በእነዚህ ሀገሮች የሚጎዱት ደግሞ ከበለጸጉት ሀገሮች ይልቅ ክብደታቸው የተሻለ፣ ሳምንታቸውም የገፋ ሕፃናት ናቸው። ኦክስጅን ቀድሞን ከገባ መለኪያውና የዓይን ምርመራው ኋላ መቅረት የለባቸውም። ከ1,500 ግራም በታች ለተወለደ፣ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎም በኦክስጅን ለቆየ ሕፃን የዓይን ምርመራው የሚደረገው ከተወለደ በአራት ሳምንት ገደማ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ አይመለስም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ማጋነንን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ጠንካራው ማስረጃ የተሰበሰበው ከ32 ሳምንት በፊት ከተወለዱት ላይ ነው። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት አብዛኞቹ ግን ከ32 እስከ 36 ባለው ሳምንት የሚመጡ ናቸው፤ የእነርሱ ሥጋት አነስተኛ ሲሆን አብዛኞቹ ያለ ምንም ችግር ያድጋሉ። የሰባት ወር ልጅ የወለደች እናት ሁሉ ልጇ ይጎድለዋል ብላ እንድትጨነቅ አልፈልግም። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነም በግልጽ ሊነገራት ይገባል። በእኛ ሀገር ግን አንድ የሚለይ ነገር አለ። በ34 ሳምንት የተወለደ ሕፃን በደህና ሆስፒታል ቢወለድ ሥጋቱ ትንሽ ነበር። ያው ሕፃን በጉና ተራራ ብርድ ውስጥ ተወልዶ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም እያለ፣ ጡት መጥባት አቅቶት ሦስት ቀን ከቆየ አንጎሉ ያሳለፈው መከራ ከ34 ሳምንት በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ሊመዘገብ የሚገባው ሳምንቱ ብቻ አይደለም። ክብደቱ፣ ሲወለድ ማልቀሱ ወይም አለማልቀሱ፣ መንቀጥቀጡ፣ ቢጫ መሆኑ፣ ኦክስጅን መውሰዱም ጭምር ነው። ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን ስለማያስታውሱ ሳምንቱ ቢጠፋ እንኳ እነዚህ ከእናት አእምሮ አይጠፉም።

አራተኛው ጥያቄ የተግባር ነው። ይህን ዓይነት እይታ የሚለካ ባለሙያ በወረዳችን ከሌለ ማወቁ ምን ይረባል? ይላሉ። በእርግጥ እስከ ዛሬ የምንለካው የዓይንን ጥራት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ዓይነ ስውር፣ 3.7 ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን ሲያሳይ የለካው በርቀት ምልክት የመለየት ችሎታን ነው። ዞናችን ደቡብ ጎንደር ከትራኮማ ጋር ባደረገችው ረጅም ትግል ለዓይን ጤና የተሰለፈ ሰው አላት፤ ያ ሰው ሁሉ ግን ያየው ሽፋሽፍትንና ብሌንን ነው። በትምህርት ቤት በስድስት ሜትር ርቀት የምትታየው የኢ ቅርጽ ሰሌዳ አንዷን ቅርጽ ለብቻ ስለምታሳይ፣ ነገር ሲጠጋጋበት የሚደናበረው ልጅ ፈተናውን አልፎ «ዓይኑ ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስንፍናው የተረጋገጠበት ይመስላል፤ ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ግን መምህሩ ባዶ እጁን አይደለም። ልጁን ከፊት፣ ከመስኮቱ ነጸብራቅ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽሑፉን አጉልቶ፣ ቃላቱን አራርቆ ይጽፋል። ከመጽሐፉ ላይ ሌላውን መስመር በወረቀት ሸፍኖ አንዱን መስመር ብቻ ያስነብበዋል። ቁጥሮች ሲደመሩ ዓምዶቹ እንዳይደበላለቁበት ካሬ ያለው ደብተር ይሰጠዋል። በጽሑፍ የወደቀበትን ፈተና በቃል ይጠይቀዋል። እናቱም ቤት ውስጥ ምስሩን በአበባማ ሰፌድ ላይ ሳይሆን ምንም ጌጥ በሌለው ዕቃ ላይ ትሰጠዋለች፤ ዕቃዎችን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ታስቀምጣለች፤ በገበያ ስትጠፋበት በስሙ ትጠራዋለች። ይህ የልጅ አንጎል ገና በሚሠራበት ዕድሜ የሚደረግ ስለሆነ በልምምድ ብዙ ይሻሻላል።

ስም መለጠፍ ልጁን ያዋርደዋል የሚሉም አሉ። አሁንስ ስም የለውም ወይ? ሰነፍ የሚለው ስም ተለጥፎበታል፤ እኔ የምጠይቀው ይህን የሐሰት ስም የሚያስቀር መረጃ ነው። መረጃው የሚተላለፍበት መስመርም አዲስ መቀረጽ የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናቲቱን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠኝ ወር ለክትባት ታገኛታለች። በክትባት ካርዱ ላይ «ከጊዜው በፊት ተወለደ» ወይም «ክብደቱ ከ2 ኪሎ በታች» የሚል አንድ መስመር በጉልህ ብትጽፍ ካርዱ በእናት ሣጥን ይቆያል። በመስከረም ልጁ ለአንደኛ ክፍል ሲመዘገብ መዝጋቢው ዕድሜንና የአባት ስምን እንደሚጠይቅ ሁሉ ሦስት ነገር ይጨምር፤ ቀኑ ሞልቶ ነው ወይ የተወለደው? ሲወለድ አልቅሷል ወይ? ለሕክምና ሆስፒታል ተኝቷል ወይ? መልሱ አጠራጣሪ የሆነው ልጅ በርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ሳይነሣ በክፍል ኃላፊው ማስታወሻ ላይ ብቻ ይጻፍ። በኅዳር መጨረሻ ፊደሉ ያልያዘለት ልጅ ሲኖር መምህሩ ከመቆጣቱ በፊት ያንን ማስታወሻ ይገልጠዋል፤ ወላጁንም ጠርቶ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ነጭ ነጠላው ይጠይቃል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ ቅጽ ላይ ከተስማሙ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በወገዳ ሥራው ከሚመጣው መስከረም ሊጀመር ይችላል።